መርዶ የማይደበቅበት መድረክ

ጫልቱ የደወለችልኝ ጠዋት ነው። ባኮ ውስጥ በማስተምርበት ትምህርት ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ የፈተና ወረቀት አርማለሁ። «ቲቸር፣ ደህና አደሩ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ዘንድሮ በቆሎው እንዴት ነው?» አለችኝ። እኔ የበቆሎ ማሳ የለኝም፤ እሷም ታውቃለች። «አጠገብዎ ሰው አለ ወይስ ብቻዎን ነዎት?» አለች። ቀጥላ ደግሞ «ቁርስ በልተዋል?» ስትለኝ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«ጫልቱ፣ ጋሽ ዲንሳ ናቸው?»

«አይ… ትንሽ ደከም ብለው ነበርና…»

«ጫልቱ።»

ለቅሶዋን ለቀቀችው። ጫልቱ ዛሬ አምቦ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ያኔ የእኔም የእሳቸውም ተማሪ ነበረች። ሁለታችንም ቀኑን ስንጠብቅ ነው የከረምነው። ቢሆንም የአገሩ ደንብ ነውና ዳር ዳሩን ዞራ መጣች። ጋሽ ዲንሳ ቢሰሟት ኖሮ በመዳፋቸው ጠረጴዛውን መትተው «ከመጀመሪያው ድገሚ!» ይሏት ነበር። እኔ ግን በእሷ ላይ የምፈርድበት አፍ የለኝም። ለምን እንደሌለኝ ነው እዚህ የምጽፈው።

ጋሽ ዲንሳን ያወቅኋቸው አምቦ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ እንዳስተምር በተመደብኩ ጊዜ ነው። እሳቸው እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ ቴአትር ተምረዋል፤ ምደባ ሲወጣ ግን ለእንግሊዝኛ እንጂ ለቴአትር ቦታ የለም ተባሉና በዚያው ቀሩ። ቁመታቸው ረጅም ስለሆነ በር ሁሉ ያጎነብሳቸዋል፤ ጎንበስ ማለቱን ከመልመዳቸው የተነሳ ሜዳ ላይም ጎንበስ ብለው ነው የሚሄዱት። ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት አይለያቸውም። በአንድ ልብስ ሰፊ ሰው ግቢ ውስጥ፣ ከጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር።

አዲስ የመጣ መምህር ሁሉ «ጋሼ፣ ለምን አላገቡም?» ይላቸዋል። እሳቸውም ፊታቸውን ኮስተር አድርገው «ሽማግሌ ልኬ ነበር፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው» ይላሉ። ሠላሳ ዓመት ሲጠብቁ መሆኑ ነው። ሁሉም ይስቃል፤ ሁሉም ያከብራቸዋል፤ ማንም ግን ቤታቸው አይሄድም። መከበር አንዳንዴ እንዲህ ያለ ጣጣ አለው። በዓል በመጣ ቁጥር እኚህ ሰው ከማን ጋር ነው የሚውሉት ብሎ የጠየቀ አላየሁም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ያላቸው ሰው ጌዶ የሚኖሩት ታላቅ እህታቸው አዴ ሎሚ ብቻ ነበሩ። ጋሽ ዲንሳ በወር አንዴ ሚኒባስ ተሳፍረው እህታቸው ዘንድ ይሄዱና በማግስቱ ይመለሳሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ሌላ ሰው ናቸው። ቅዳሜ የድራማ ክበብ ነው። እኔ ረዳት ተብዬ ተመድቤ ነበር፤ ሥራዬ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት ነው። አንድ ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ሜሎድራማ» ብለው ጻፉ።

«ይህ የቴአትር ዓይነት አራት ሰው ይበቃዋል» አሉ። «አንድ ክፉ፣ አንዲት ምስኪን፣ አንድ ጀግና፣ አንድ ቀልደኛ። ክፉው ከፀጉሩ እስከ ጥፍሩ ክፉ ነው፤ ለምን ከፋ ብላችሁ አትድከሙ። ሙዚቃም አለ። ክፉው ገና ሳይገባ ሙዚቃው ያስጠነቅቃችኋል። በዚህ ቴአትር ማንም ሰው በልቡ የያዘውን ይዞ አይቀርም። የወደደ ወደድኩ ይላል፤ የጠላ ጠላሁ ይላል። የሚሞተውም እየሞትኩ ነው ብሎ ተናግሮ ነው የሚሞተው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው ግን ለሳቁ ቦታ ሳይሰጡ እንዴት እንደሚሠራ አሳዩ። እጅ ግንባር ላይ፣ እጅ ልብ ላይ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ቸርች የምትዘምር አንዲት ተማሪ ከዚያው ኪቦርድ ተውሳ መጥታ ነበርና ቀጭኑን ድምፅ እያስጫወቷት፣ ያ ሁሉ ቁመት ወላጅ አልባ ልጃገረድ ሆኖ በጉልበቱ ወደቀ። ስቄ ልሞት ደረስኩ። መሃል ላይ ግን ሳቁ ጠፋብኝ፤ ሰውየው የእውነት እያለቀሱ ነበር።

የእኛ ልጆች ሲናገሩ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ጮክ ብሎ መናገር ብልግና ነው ተብለው ነው ያደጉት። ጋሽ ዲንሳ ያን እጅ ለማውረድ ወራት ለፍተዋል። «መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠችው እናት ጆሮዋ ከባድ ነው፤ ለእሷ ንገሯት» የዘወትር ቃላቸው ነበር። መምህራን ክፍል ውስጥ አንድ ባልደረባችን «ጋሼ፣ ይሄ ነገር አልበዛም? ሰው እንዲህ ያጋንናል?» ቢላቸው «የተጋነነ ነው እንጂ። አንተ እኮ ጥርስህን የምታሳየው ለጥርስ ሐኪም ብቻ ነው፤ ለአንተ ዓይነቱ ነው የተሠራው» አሉት።

ከዚያ የመልእክተኛው ልምምድ መጣ። ጫልቱ ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ናኦል የሚባል ልጅ ደግሞ ከተማ የሚማር ልጅ ሆኖ ይጫወታል። ጫልቱ ከገጠር መጥታ እናቱ መሞቷን ልትነግረው ነው። በሜሎድራማ ደንብ በሩን በርግዳ ትገባለች፣ ግንባሯን ትይዛለች፣ ትናገራለች። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ጫልቱ ገባች። «አካም ቡልቴ፣ ናኦል? ደህና ነህ? ትምህርት እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ምሳ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«እንግዲያው ብላና እንነጋገራለን» አለችና ወጣች።

ድገሙት ተባለ። በሁለተኛው «እናትህን ትንሽ አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል» አለችና ራሷ ደነገጠች። በሦስተኛው ሁለት ሽማግሌ ካልያዝኩ ብቻዬን አልገባም ብላ ድርቅ አለች። «ቲቸር፣ መርዶ እንዲህ አይነገርም! ነውር ነው!»

ጋሽ ዲንሳ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«እኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ እናቴ ሞተች። ፈተና ላይ ነው፣ ይረበሻል ተባለ። ፈተናው አለቀ፤ ለክረምት ሲመጣ እንነግረዋለን ተባለ። እኔ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ መልስ ይመጣልኛል። ለካ እህቴ ናት ለቀበሌው ጸሐፊ እየነገረች የምታስጽፈው። ‹ልጄ፣ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ብቻ ነው የሚያመኝ› እያለች። እናቴ ከሞተች በኋላ ሁለት ደብዳቤ ጽፋልኛለች። እኔም ሻሽ ገዝቼ ልኬላታለሁ።»

ኪቦርድ የምትጫወተው ልጅ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች።

«እህቴ ክፉ ሆና አይደለም፤ ከፍቅር ነው። ክረምት ገባሁ፤ ነገሩኝ፤ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ግን እንባውን ጨርሷል። ጎረቤቱ አብሮኝ ቁጭ ብሎ ስለ ዝናቡ ያወራል። አብሮኝ የሚያለቅስ አንድ ሰው አላገኘሁም። እናም ይህን ቴአትር የምወደው ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። መርዶ የማይደበቅበት አገር እኔ ያገኘሁት ይሄ መድረክ ብቻ ነው።»

የዚያኑ ዕለት ሻይ ቤት ወሰዱኝ። አዴ ሎሚ የልብ ሕመም እንዳለባቸው የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። «ክፍል ስገባ ስልኬን እዘጋለሁ። የአንተን ቁጥር ለጎረቤቷ ሰጥቻለሁ» አሉኝ። «የመጣ ነገር ከመጣ አንተ ትነግረኛለህ። ሽማግሌ አልፈልግም። እያስተማርኩም ብሆን በሩን ከፍተህ ግባና ንገረኝ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«እሺ አትበለኝ። እሺ ሁሉም ይላል። ቃል ግባልኝ።»

ቃል ገባሁላቸው። በዚያ ከተማ ካለው ሰው ሁሉ መርጠው እኔን ማመናቸው ደስ ብሎኝ ነበር።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ተውኔቱን የጻፉት እሳቸው ናቸው። አባት እናቷ የሞቱባት ልጅ አለች፤ መሬቷን የሚነጥቃት ጨካኝ አጎት አለ። አጎቱ ናኦል ነው፤ መልእክተኛዋ ጫልቱ። አምስት ወር ተለማምደውታል። ትርዒቱ አራት ሰዓት ላይ ተጀምሮ ስድስት ሰዓት ላይ ያልቃል ተብሎ ነበር።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የአዴ ሎሚ ጎረቤት ናቸው። አዴ ሎሚ ሌሊቱን አርፈዋል፤ ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው።

በቀጥታ ወደ ጋሽ ዲንሳ መሄድ ነበረብኝ። አዳራሹ ውስጥ መጋረጃ ሲሰቅሉ ይታዩኛል፤ ሃያ እርምጃ አይሆንም። እኔ ግን ወደ መምህራን እድር ሰብሳቢው ወደ ኦቦ ቶሌራ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ። ፈርቼ ነው። ለአንድ ሰው እህትህ ሞታለች ብሎ ፊት ለፊት መንገርን ማንም አላስተማረኝም፤ ካስተማሩኝም እሳቸው ብቻ ናቸው።

ኦቦ ቶሌራ ጥሩ ሰው ናቸው። «ልጆቹ አምስት ወር ለፍተዋል። ዲንሳም የደም ግፊት አለበት» አሉ። «ስድስት ሰዓት ላይ ሲያልቅ መኪና አዘጋጅተን ይዘነው እንሄዳለን፤ ለቀብሩ ይደርሳል። ጌዶ መግቢያ ላይ ቀስ ብለን እንነግረዋለን።» መንገዱ ከአንድ ሰዓት ብዙ ስለማይበልጥ ሒሳቡ ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ደስ አለኝ፤ ቃሌን አፈረስኩ ሳይሆን አዘገየሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ትርዒቱ ተጀመረ። መጋረጃው ጥግ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ጫልቱ በሩን በርግዳ ገባች፤ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ «እናትሽ ሞታለች!» ስትል አዳራሹ በሙሉ «ውይ!» አለ። ጋሽ ዲንሳ ክንዴን ጨብጠው «ሰማህ? መጨረሻ ወንበር ደረሰ!» አሉኝ። ፊታቸው ያን ቀን ያበራውን ያህል ሲያበራ አይቼ አላውቅም። እኔ ሰዓቴን አየሁ።

ያልጠበቅነው ነገር የመጣው አጎትየው የልጅቷን መሬት ሲነጥቅ ነው። ናኦል ጨካኝ ሳቁን ሳቀ፤ ኪቦርዱ ወፍራሙን ድምፅ አወጣ። ያኔ ከፊት ወንበር አንድ የገጠር አባት በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። «ይሄማ ዝም አይባልም!» አሉ። ሁለት እኩዮቻቸው ተከተሏቸውና ሦስቱም መድረኩ ላይ ወጡ። ሊማቱ አልነበረም የወጡት፤ ሊያስታርቁ ነው። ወንበር አስመጡና ተቀመጡ። አጎቱንና ልጅቷን ፊት ለፊት አስቀምጠው «አንተ ተናገር፣ አንቺ ቆይ» ማለት ጀመሩ።

ተማሪዎቹ ወደ ጋሽ ዲንሳ አዩ። እሳቸው በእጃቸው ቀጥሉ አሉ። «ጋሼ፣ እናሳጥረው፣ ሰዓት ሄዷል» አልኳቸው። «ተወኝ እባክህ! ይሄን ሠላሳ ዓመት ነው የጠበቅሁት» አሉኝ።

ሽምግልናው ተጀምሮ በቀላሉ የሚያልቅ አልሆነም። ናኦል ላብ አጥምቆት የሌለ መሬቱን መለሰ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ይቅርታም ይጠይቅ፣ የልጅቷን እግር ይሳም አሉ። ሕዝቡ እየቆመ ሐሳብ ይሰጣል። ጋሽ ዲንሳ እንደ ሕፃን ያጨበጭባሉ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ተቃረበ። በዚያች ሰዓት እንኳ ጆሯቸው አጠገብ ሁለት ቃል ብናገር ይደርሱ ነበር። አልተናገርኩም። ደስታቸውን ማቋረጥ ከበደኝ።

ከአምቦ የወጣነው ሰባት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ሰባት መምህራን ነን። ኦቦ ቶሌራ «አዴ ሎሚን ትንሽ አሟቸዋል፤ ጠይቀናቸው እንምጣ ብለን ነው» አሏቸው። ጋሽ ዲንሳ ኮታቸው ላይ ገና የመድረኩ አቧራ አለ። አንድ በአንድ አዩን።

«ለትንሽ ሕመም ሰባት መምህር?» አሉ።

ወደ እኔ ዞሩ።

«ታምራት፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጌዶ እስክንደርስ ከመስኮቱ አልተመለሱም። ስንደርስ ሰው ከቀብር ተመልሶ እጁን ይታጠባል። አዴ ሎሚ ጴንጤ ነበሩ፤ የጴንጤ ቤት ለቅሶ ጸጥ ያለ ነው፤ መዝሙሩም አልቆ ነበር። ጋሽ ዲንሳ ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው መሃል ገብተው ደረቅ ዓይናቸውን ይዘው ተቀመጡ። አንድ ሰው አጠገባቸው ስለ ዝናቡ ያወራ ነበር።

ከዚያ በኋላ እኔም ሽማግሌ ላክሁባቸው። ሌላ የማውቀው መንገድ አልነበረም። ይቅር አሉኝ፤ እጄንም ጨበጡኝ። ከሳቸው ጋር ሻይ ቤት የተቀመጥኩበት ግን ያ ቃል የገባሁበት ቀን የመጨረሻው ሆነ። ሰላምታ አይነፍጉኝም፤ ወሬ ነፈጉኝ። ቅዳሜ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አያቸዋለሁ፤ ያስተምራሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ፣ ወደ እኔ ግን አያዩም። ጡረታ ሲወጡ አምቦ የሚያስቀራቸው ነገር ስላልነበረ ጌዶ የእህታቸው ቤት ገቡ። እኔም ወደ ባኮ ተዛወርኩ። ከባኮ አምቦ ስመላለስ ጌዶ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ቤታቸው ያለበትን አቅጣጫ አይና ሳልወርድ አልፋለሁ። ብዙ ጊዜ ነው ያለፍኩት።

አንድ ጊዜ ብቻ ወረድኩ። ሻይ ራሳቸው አፍልተው ሰጡኝ። ስወጣ በሩ ላይ ቆመው «አልተቀየምኩህም» አሉኝ። «ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ፈገግ ሲልልኝ ምን ደብቆኝ ይሆን እላለሁ። ለብቻ ለሚኖር ሰው ይሄ ክፉ በሽታ ነው።»

ባለፈው ዓመት ጫልቱ ደወለች። ጋሽ ዲንሳ ታመው አዲስ አበባ ሄደው ተመርምረዋል፤ ወረቀቱን አንብባዋለች። ጉበታቸው ነው፤ ካንሰር ነው፤ የሚደረግ ነገር የለም። የአዴ ሎሚ ልጅ ገመቹ ከነቀምት መጥቶ ያስታምማቸዋል። እሳቸው ግን የጨጓራ ቁስለት ነው ተብለዋል። ሁሉም ተስማምተውበታል።

በማግስቱ ጌዶ ወረድኩ። ገመቹ በሩ ላይ ያዘኝ። «ጋሼ፣ አደራ። ዶክተሩ ሁለት ወር ነው ያለው። ሰላማቸውን እንዳንነሳቸው፣ በተስፋ ይቆዩ» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ልጁ ይወዳቸዋል። እሺ አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ በመስኮቱ አልጋው ላይ ትገባለች። ጋሽ ዲንሳ ቆዳቸው ወይቦ፣ እጃቸው ቀጥኖ አገኘኋቸው። ስለ ባኮ ሙቀት ጠየቁኝ፤ ስለ ተማሪዎች ጠየቁኝ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ታምራት፣ ሆዴ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

ገመቹ ከደጅ እንጨት ይፈልጣል። ጨጓራ ነው የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ደግም ቃል ነው፤ ሁሉም ሰው ያመሰግነኝ ነበር።

«ካንሰር ነው፣ ጋሼ። ጉበትዎ ላይ። መድኃኒት የለውም ብለዋል።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት ወር ይላሉ።»

ጣሪያውን አዩ። እጃቸውን ዘርግተው የእኔን ፈልገው ያዙ። «ገለቶሚ» አሉኝ፤ አመሰግንሃለሁ ሲሉ ነው፤ በኦሮምኛ ያመሰገኑኝ የመጀመሪያ ቀን ነው። «አሁን ውጣልኝ።»

ወጣሁ። ገመቹ ፊቴን አይቶ መጥረቢያውን ጣለ። ሊናገረኝ አፉን ሲከፍት ከውስጥ ድምፁ ተሰማ። ለቅሶ ነው፤ ያልተሸፈነ፣ ያልተቆጠበ፣ ግቢውን አልፎ መንገድ ዳር የሚደርስ። ገመቹ ወደ በሩ ሲሮጥ ያዝኩት፤ ደረቴን መታኝ፤ አልለቀቅሁትም። «ምን አደረግህ?» እያለ እሱም አለቀሰ።

ጎረቤት መሰብሰብ ጀመረ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ፤ ከገበያ የሚመለሱ ወንዶች ሸክማቸውን አጥሩ ሥር አኖሩ። አንዲት አሮጊት ክንዴን ይዛ «ማነው የሞተው?» አለችኝ።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ዲንሳ መቃኑን ይዘው ቆመዋል፤ ፊታቸው በእንባ ርሷል።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ሁለት ወር ይቀረኛል። ኑ፣ ግቡ።»